ደስ የሚያሰኘው ቁጥር

ልብስ ሰፊዋ በዕድሜዋ ካመሰገነቻቸው ሰዎች ሁሉ ትንሿ የአሥራ አራት ወር ሕፃን ናት። ሕፃኗ ምን እንዳደረገችላት አታውቅም፤ አድጋ ቢነግሯትም ማመኗን እንጃ። ከእሷ ቀጥሎ አንዲት መምህርት አለች፤ ከዚያ ባሏ፤ ከዚያ ደግሞ፣ ሳትወድ በግዷ፣ አንድ የአሻንጉሊት ነጋዴ። ፈጣሪዋን ቀድማ ስለምታመሰግነው ከሰዎቹ ጋር አትቆጥረውም።

ሰፈሩ የሚያውቃት «ሜትሯ» በሚል ስም ነው። ቢጫው የልብስ ሰፊ ሜትር ካንገቷ አይወርድም፤ ገበያም፣ ሐኪም ቤትም፣ ሰርግም አብሯት ይሄዳል። ባሏ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነው። በሦስት ቀን አንዴ ቤት ሲገባ ከሻንጣው በፊት ቀልዱን ያራግፋል። «ስንጋባ ቀለበት ማጥለቁ አልከበደኝም፤ ሜትሩን ማስወለቅ ነው ያቃተኝ» ይላል ለሰማው ሁሉ።

የምትሰፋው ከመኖሪያዋ ጋር በተያያዘች፣ በሯ ወደ መንገድ በሚከፈት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት የስፌት መኪና አላት፤ አንዱ በእግር የሚረገጥ፣ ሌላው በኤሌክትሪክ የሚሄድ። መብራት ሲጠፋ ወደ እግሩ ዞር ትልና «ና እንግዲህ አሮጌው ወዳጄ» እያለች ትረግጠዋለች። የመቁረጫ ጠረጴዛዋ ድሮ በር ነበር፤ የቁልፉ ቀዳዳ አሁንም አለ፣ ጠመኔ ታስቀምጥበታለች። ጥጉ በመጋረጃ ተከልሏል፤ ደንበኞች የሚለኩት እዚያ ነው። ከጠረጴዛው ሥር የቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያ አለ፤ ሜትሯ ጨርቅ መጣል አይሆንላትም።

ልጅ ያገኘችው በአርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ዘመድ አዝማዱ መጠየቁን ትቶ፣ ባሏም «እኔና አንቺስ አንበቃም?» ማለት ከጀመረ ቆይቶ ነበር። «ሳይደግስ አይጣላም» ትላለች እስከ ዛሬ ያን ዓመት ስታነሳ። ዓይኗን በዓይኗ አየች። ልጅቷ ደግሞ እሳት የላሰች ሆነችላት፣ በተለይ ለቁጥር። ገና በዘጠኝ ዓመቷ ከመጋረጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የልኬት ደብተር መያዝ ጀመረች። እናት ከመጋረጃው ጀርባ «ደረት ዘጠና፣ ወገብ ሰባ ሁለት፣ ዳሌ መቶ» ስትል፣ ልጅ በውጭ ትጽፋለች። ደንበኞቹ «ጸሐፊዋ» ብለው ስም አወጡላት። የእጅ ጽሕፈቷ ያምር ስለነበር ሜትሯ ደብተሩን ለመጣው ሁሉ እየገለጠች ታሳይ ነበር።

አሁን የሙያ ምሥጢር ማውጣታችን ነው፤ ልብስ ሰፊዎች ይቅር ይበሉን። ሰው ሲለካ ትንፋሹን ይይዛል። ሆዱን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ይቆማል። ያ ወገብ ለአንዲት ደቂቃ ብቻ የሚሆን ወገብ ነው፤ ይዞት ምሳ አይበላም፣ ወንበር ላይም አይቀመጥም። ሜትሯን ሙያ ያስተማረቻት አሮጊት «ልብስ ሰፊ ሁለት ሜትር ይኑራት፤ አንዱ ባንገቷ፣ አንዱ ባፏ» ትላት ነበር። ባንገቷ ያለው እውነቱን ይለካል፣ ባፏ ያለው ደንበኛዋን ያስደስታል። ስለዚህ ሜትሯ ከወገብ ላይ ስድስት ቀንሳ ጮክ ብላ ትናገራለች። ደንበኛዋ ፈገግ ትላለች፣ ጸሐፊዋ ትጽፋለች። ወፈር ላሉት ደግሞ አሥር ትቀንሳለች። ጨርቁ ሲቆረጥ የቀነሰችውን ሁሉ በልቧ ትመልሰዋለች። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሠርታ አንድ ቀሚስ ጠቦ አልተመለሰባትም። ማንንም የማይጎዳ ውሸት ቢኖር ይኼ ነው ብላ ታምን ነበር። ልጇ ግን ይህን አታውቅም። ለካስ የሚነገር ነገር መሆኑ ትዝ ያለው ሰው የለም።

የአሻንጉሊት ነጋዴው የመጣው በዚህ መሀል ነው። መንገዱ ማዶ የልጆች መጫወቻ ይሸጣል። አንድ ካርቶን ሙሉ እግረ ረጅም አሻንጉሊቶች አስመጥቶ ልብሳቸው ከመሐረብ ያነሰ ሆኖበታል።

«እትዬ፣ ወላጆች ቁም ስቅሌን አሳዩኝ» አላት። «ራቁቷን የቆመች ሴት ለልጄ ልገዛ ነው ወይ እያሉ። እባክሽ ቀሚስ ስፊልኝ። ሞዴል እንድትሆንሽ አንዷን ውሰጂ።»

መልካም ሥራ ነበር። ቁርጥራጩ ከጆንያው እየወጣ ቀሚስ ሆነ። እናትና ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንደ ጥፍር የሚያንሱ ኪሶች ይሰፉ፣ ይስቁ ነበር። አሻንጉሊቷ ሃያ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ናት። ልጅቷ ደግሞ ያን ሰሞን መቶ አርባ አምስት ነበረች። ሒሳቡን ያየችው ራሷ ናት።

«እማ! በአምስት ብናባዛት እኮ እኔን ታክላለች! እኩል ነን!»

ሜትሯ ደስ ብሏት ግንባሯን ሳመቻት። አልፋ ተርፋም «እንግዲያው የሰውን ቅድ ለአምስት እያካፈልሽ የሷን አውጪልኝ» ብላ ሥራውን ሰጠቻት። ማካፈል የሚችል ልጅ ግን ማባዛትም ይችላል።

ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ልጅቷ የደንብ ልብሷን ጉርድ አጥብቢልኝ አለች። ሜትሯ ስፒሉን ካፏ ሳታወጣ «ቁመት እየጣልሽ ነዋ» አለችና አጠበበችላት። ብዙም ሳይቆይ እንደገና አጠበበችላት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው፤ የመንደሩን ወገብ ሁሉ በዓይኗ የምትለካ ሴት የልጇን አላየችም።

ያየው ሾፌሩ ነው። ከመንገድ ሲመጣ ልጁን ብድግ አድርጎ ማዞር ልማዱ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አነሳትና ሳያዞራት መልሶ አስቀመጣት።

«ይቺ ልጅ ቀለለችኝ» አለ።

«አንተ ነሃ የጠነከርከው!» አለች ሜትሯ እየሳቀች።

«እኔ እኮ ሾፌር ከመሆኔ በፊት ስምንት ዓመት ጣሪያ ላይ ሻንጣ የጫንኩ ሰው ነኝ። ክብደት አያታልለኝም።»

ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም። ሜትሯም ሳቋን ዋጠች።

በማግስቱ መምህርቷ ቀሚስ ልትሞክር መጣች። የልጅቷ አስተማሪ ናት። ትልቅ ሴት ናት፤ ድምጿም ሳቋም ትልቅ ነው፣ እሷ ስትገባ ሌላው ደንበኛ ወደ ግድግዳው ጠጋ ይላል። ያን ቀን ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«የልጅሽን ምሳ ማን እንደሚበላው ታውቂያለሽ?»

«እሷ ናታ!»

«ጓደኞቿ ናቸው። እንቁላሉን ላንዷ፣ ዳቦውን ላንዷ። መጀመሪያ ልጅ ነው፣ መካፈል ይወዳል ብዬ ዝም አልኩ። ትናንት ግን ሜዳ ላይ ሲሯሯጡ ዞሮባት ቁጭ አለች። አደራሽን እንዳትቆጫት። ሐኪምም ሳይውል ሳያድር አሳያት።»

ሜትሯ በእጇ የያዘችው ስፒል ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ። መምህርቷ ከዚያ ሁሉ ሰውነቷ ጋር በጉልበቷ ተንበርክካ አብራት ለቀመች። ሜትሯ ይህንን አትረሳውም።

መምህርቷ ስትሄድ ሜትሯ የእሷን ልክ ልታመሳክር ደብተሩን ታገላብጥ ጀመር። የመጨረሻው ገጽ ተገለጠላት። በዚያ በሚያምር ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦

አሻንጉሊቷ በአምስት ሲባዛ፣ ወገብ 45።
እኔ፣ ወገብ 62።
ቀሪ 17።

ከሥሩ በየሳምንቱ ቀን እየተደረገበት፦ 61፣ 60፣ 59፣ 58 ተኩል።

ልጅቷ ከገዛ ሰውነቷ የሚቀነሰውን እንደ ክፍል ሥራ ሠርታዋለች። ሜትሯ ጸሐፊዋ በምትቀመጥበት በርጩማ ላይ ተቀመጠችና በሩን ገርበብ አድርጋ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

መጀመሪያ ያማራት አሻንጉሊቷን እሳት ውስጥ መክተት ነበር። ነገር ግን ሜትሯ ተናግራ የምታሳምን ሴት አይደለችም፤ ነገር የሚገባትም የምታስረዳውም በመቀስ ነው። እንባዋን ጠረገችና ሰማያዊ የጥጥ ጨርቅ ዘረጋች። አሻንጉሊቷን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ ለካቻት፤ የለካችውን በአምስት አባዛች። ወገብ ዘጠኝ፣ አርባ አምስት ሆነ። ጭንቅላት አሥራ አንድ፣ አምሳ አምስት ሆነ። እግሯ ከተረከዝ እስከ ጣት ሁለት ሴንቲ ካንዲት ምናምን፤ በአምስት ሲባዛ አሥራ አንድ። «የምን ጉድ ናት?» አለች ለባዶው ክፍል። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የአሻንጉሊቷ ቀሚስ በሰው ቁመት ተሰፍቶ መስቀያው ላይ ነበር።

«ለማን ነው?» አለች።

«መቶ አርባ አምስት ሴንቲ ቁመት ላላት ልጅ። እስቲ ባለቤቷን ፈልጊልኝ።»

ልጅቷ ወገቡን አየችና ፊቷ ተለወጠ፤ ቁጥሩን አውቃዋለች። ሜትሯ ቀሚሱን አንስታ በራሷ በኩል ልታጠልቅላት ሞከረች። ወገቡ ግንባሯ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሁለቱም ጎተቱት። ጆሮዋን አጥፎ እዚያው ቀረ።

«አየሽ? የሷ ወገብ ካንቺ ጭንቅላት ያንሳል። ከራሷ ጭንቅላትም በአሥር ያንሳል። ይቺ ልጅ ቀሚስ የምትለብሰው አንገቷን ነቅላ ነው» አለቻት።

ልጅቷ ቀሚሱን ከግንባሯ አላቀቀችና ወገቡን በጣቷ ዳሰሰች።

በዚያው ቅጽበት ጎረቤታቸው ዚፕ ልታስቀይር ሕፃን ልጇን ታቅፋ ገባች። ሕፃኗን ሰፈሩ «ድንቡሼ» ይላታል፤ ክንዷ ላይ ያለው ሽንሽን በክር የታሰረ ይመስላል። ሜትሯ «እስቲ እሷን አንዴ አውሺኝ» አለችና ድንቡሼን ጠረጴዛው ላይ አቆመቻት። የቀሚሱን የኋላ ስፌት ፈትተው፣ ወገቡ ላይ አንዲት ቁልፍ ጣል አድርገው አለበሷት። ቁመቱ ከጠረጴዛው ጠርዝ አልፎ ተንጠለጠለ። ወገቡ ግን የአሥራ አራት ወር ሕፃን ሆድ ላይ ደርሶ አልገጥም አለ፤ ሁለት ጣት ያህል ጎደለው። እናቷ በአንድ ወገን፣ ሜትሯ በሌላ ወገን ይዘው እንደምንም ቁልፏን አያያዟት። ድንቡሼ ገና ምሳ በልታ መምጣቷ ነበር። ሁሉንም ተራ በተራ አየቻቸውና አገሳች። ቁልፏ ተፈናጥራ መስታወቱን መታችው።

ጸሐፊዋ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ በአፏ፣ ከዚያ ጠረጴዛውን ተደግፋ። ሜትሯ ያን ሳቅ ከሰማች ስንት ጊዜ እንደሆናት ያን ጊዜ ነው የታወቃት። ሕፃኗን አንስታ ሁለት ጉንጯን እየደጋገመች ሳመቻት።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ልጅቷ ዓይኗን ጠርጋ ቀና አለች።

«አሻንጉሊት ፕላስቲክ መሆኗን እኮ አውቃለሁ፣ እማ። ሕፃን አይደለሁም። ሰዎቹስ?»

«የትኞቹ ሰዎች?»

ደብተሩን አንስታ ገለጠች። «ባለፈው የተዳረችው ሙሽራ፣ ወገብ ስልሳ ሁለት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ ስልሳ ሁለት ነበርኩ። ፋርማሲ የምትሠራዋ ስልሳ አራት። እነሱ ፕላስቲክ አይደሉም። አንቺ ነሽ የለካሻቸው፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ወጣቶቹ ሁሉም ቀጭን ናቸው። ወፍራሟ እኔ ብቻ ነኝ።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያመለጠው አፍ ያን ዕለት ተመልሶ መጣባት። አንዲት ቀላል ውሸት ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር፤ ሙሽራዋ በተፈጥሮዋ ቀጭን ናት ብላ ነገሩን መዝጋት ትችላለች። የድንቡሼ እናትም ዚፑን እያገላበጠች ያልሰማች መስላ ነበር። ሜትሯ የልጇን አንገት አየች፤ የአንገቷ አጥንት እንዲህ ወጥቶ አይታው አታውቅም።

«ሙሽራዋ ስልሳ ስምንት ናት» አለች። «የፋርማሲዋም ሰባ።»

«ታዲያ እዚህ...»

«ስድስት ስድስት ቀንሼ ነው የምናገረው። ስቆርጥ እመልሰዋለሁ።»

«የሁሉንም?»

«የሁሉንም። ደስ እንዲላቸው ነው፣ የኔ ልጅ።»

ልጅቷ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ቶሎ ቶሎ ገለጠችው። «እዚህ ውስጥ ታዲያ እውነተኛው ማነው?»

ልጅቷ የለካችው ራሷን ብቻዋን ነው፣ የቀነሰላት ሰው የለም። «አንቺ ብቻ» አለች ሜትሯ።

«ሁለት ዓመት ውሸት አስጻፍሽኝ!» ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «እንግዲህ 'ምንም አልሆንሽም፣ ቆንጆ ነሽ' ስትይኝ በምን አውቃለሁ? ለኔም ስድስት ቀንሰሽልኝ ቢሆንስ?»

ይህን ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ያን ዕለት እራት አልቀመሰችም። ሜትሯ ገባት፤ አሻንጉሊቷን ማሸነፍ ቀላል ነው፣ አንድ ሕፃን ይበቃል። ልጇ የእናቷን ቃል ካላመነች ግን ማን «ብዪ» ብሎ ቢለምናት ትበላለች?

ቅዳሜ ክፍሉ በደንበኛ ይሞላል። መምህርቷ ነበረች፣ የድንቡሼ እናትም፣ ሌሎችም አራት አምስት ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ። ሜትሯ መጋረጃውን ጥግ ድረስ ሰበሰበችው። ካንገቷ ሜትሩን አውልቃ ለልጇ ሰጠቻት።

«ለኪኝ። ጮክ ብለሽ ተናገሪ።»

ልጅቷ ሰዎቹን አየት አደረገችና ሜትሩን በእናቷ ወገብ አዞረችው። ቁጥሩን ከማንበቧ በፊት ግን ቀና ብላ አየቻት።

«እማ፣ ሆድሽን ልቀቂው።»

ሠላሳ ዓመት ሰው ስትለካ የኖረችው ሴት ትንፋሿን ይዛ ቆማለች! ራሷም አላወቀችውም። ለቀቀችው።

«መቶ ሁለት» አለች ልጅቷ።

«ጻፊው። እናንተም ስሙኝ» አለች ሜትሯ ወደ ሴቶቹ ዞራ፤ ፊቷ ቀልቷል። «እስከ ዛሬ ከነገርኳችሁ ወገብ ላይ ሁሉ ስድስት ይጎድላል። ለአንዳንዶቻችሁም አሥር። ከዛሬ ጀምሮ የምናገረው ሜትሩ ያለውን ነው። ልጄ በኔ ቁጥር ታማብኛለች።»

አንዲት ሴት ጨርቋን አጣጥፋ ብብቷ ውስጥ ከተተችና ደህና ዋሉም ሳትል ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰችም። ሌሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቀድማ የተናገረችው መምህርቷ ናት።

«የኔን ስንት ነበር ያልሽው?»

«ዘጠና ስምንት።»

«እውነቱስ?»

«መቶ ስምንት።»

«አንቺ ሴትዮ!» ብላ ጮኸች መምህርቷ። «ለዚህ ነዋ! ዘጠና ስምንት ነኝ እያልኩ የገዛሁት ሦስት ቀሚስ ሳይለበስ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል! ባሌን 'ልብስ የሚሠሩት ሰዎች አብደዋል' ስለው ነው የከረምኩት!»

ሳቁ እስከ መንገዱ ማዶ ተሰማ። መምህርቷ ተነስታ በልጅቷ ፊት ቆመች፤ እጆቿን ዘረጋች፣ ትንፋሿን በኃይል አስወጣች። «በይ ጸሐፊዬ፣ የኔን በእውነቱ ጻፊልኝ። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ነው። እኔ ዱባ ነኝ፤ ማን ከፋው?» ከእሷ በኋላ የድንቡሼ እናት ተለካች። ከዚያ አንዲት ሌላ። ሁለቱ «የኔን በጆሮዬ ንገሪኝ» አሉ፤ እሱም ተደረገላቸው፤ ደብተሩ ላይ ግን እውነቱ ሰፈረ። ሱቁ ሲዘጋ ልጅቷ እናቷን አጠገቧ አስቀምጣ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ገጽ በገጽ አረመች። የማንን ስድስት፣ የማንን አሥር እንደቀነሰች ሜትሯ አንድም አልተሳሳተችም። መካከል ላይ ልጅቷ «ዳቦ አለ?» ብላ ጠየቀች። ሜትሯ ተነስታ ዳቦውን ሙሉውን ይዛላት መጣች።

በአንድ ቅዳሜ ዳነች ብንል ግን እኛም ስድስት መቀነሳችን ነው። ሰኞ ሲወስዷት ሐኪሙ «በጊዜ አምጥታችኋታል» አለ፤ ሜትሯ እዚያው ወንበሩ ላይ መምህርቷንና ባሏን በስማቸው እየጠራች መረቀች። በየሁለት ሳምንቱ መመላለስ ነበረባቸው። እንቁላሉን ጨርሳ የምትበላበት ቀን አለ፤ ዳቦውን ቆራርሳ ሳህኑ ዳር የምትደረድርበትም ቀን አለ። ሜትሯም የምትማረው ነበራት። ልጇ ስታኝክ አፍ አፏን አለማየት ከበዳት። በመስታወቱ ፊት ባለፈች ቁጥር «ይቺ በርሜል» ማለት ልማዷ ነበር፤ እሱንም መተው ከበዳት። አንድ ቀን አመለጣት። ልጅቷ ቀና ብላ «መቶ ሁለት ነሽ እንጂ በርሜል አይደለሽም» አለቻትና ሥራዋን ቀጠለች።

አዲሷን አሻንጉሊት ያሰበችውም ልጅቷ ናት። በዚህ ጊዜ ያካፈለችው ራሷን ነው። ቁመት ሃያ ዘጠኝ፣ ወገብ አሥራ ሁለት ከምናምን፣ እግሯም ከልጅቷ እግር ተካፍሎ። ቆዳዋን ከቡናማ ጥጥ ሰፏት፣ ከጆንያው ቁርጥራጭ ሞሏት። የመጀመሪያዋ አንድ ትከሻዋ ወርዶ፣ ሁለተኛዋ አንገቷ አልቆም ብሎ ተበላሹ። ሦስተኛዋ ቀጥ አለች። ቀሚስ ሲያለብሷት ግን ወገቧ ላይ ትራስ የታሰረባት መሰለች። ሜትሯ ይህን ስታይ አንድ ነገር ገባት።

«አሻንጉሊቷን ስናሳንሳት ጨርቁ አብሮ አያንስም» አለች። «በሰው ላይ የማይታይ እጥፋት በሷ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ይወፍራል። የነጋዴውን አሻንጉሊት የሠሩት ሰዎች ጨርቁን ማሳሳት ቢያቅታቸው ወገቧን ቆረጡት መሰለኝ።»

«ለልብሱ ብለው?»

«ለልብሱ ብለው ሳይሆን ይቀራል? እኛ ሰውነቷን ትተን ልብሱን እንቁረጥ።» ወገብ ላይ ስፌት የሌለው፣ ከትከሻ የሚወርድ ቀሚስ ሠራችላት፤ ልክክ አለ።

ነጋዴው አሻንጉሊቷን ተቀብሎ በአንድ እጁ አገላበጣት።

«እትዬ፣ ይቺማ ምሳ የበላች ናት!» አለ።

ሜትሯ ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ልጅቷ ቀደመቻት። «አዎ፣ በልታለች» አለች ኮስተር ብላ። ነጋዴው ሳቀና መስኮቱ ላይ አስቀመጣት። ስሟም በዚያው ጸና፤ ልጆች መጥተው «ምሳ የበላችውን ስጠን» ይሉታል። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ተሸጡ፣ በሚቀጥለው አንድም አልተሸጠም፣ ከዚያ ሰባት ታዘዙ። እግረ ረጅሞቹም መሸጣቸውን አላቆሙም፤ ዓለም በአንዲት የጨርቅ አሻንጉሊት አይገለበጥም። ሜትሯ ግን ለነጋዴው ቂም አልያዘችም። ያ ካርቶን ባይመጣ ኖሮ አፏ ስንት ዓመት ምን ሲሠራ እንደኖረ ሳታውቅ ትሞት ነበር፤ ይህን እያሰበች ሳትወድ ታመሰግነዋለች።

አዲሱ የትምህርት ዓመት ሊጀመር ሲል ለልጅቷ የደንብ ልብስ መሰፋት ነበረበት። ዓመት ሊሞላው ነው። አባቷ በር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይወለውላል፤ ጠዋት ሲያነሳት «ወገቤን ልትሰብሪው ነው!» ብሎ ጮሆ ነበር። ልጅቷ መስታወቱ ፊት ቆመች። እናቷ ሜትሩን ይዛ ስትጠጋት የምትፈራው አንድ ነገር ነበር። አሥራ አንድ ወር ሙሉ የሐኪሙን ሚዛን ብቻ ነው ያዩት፤ ወገቧን አንዴም አልለኳትም። ያች «ቀሪ» የምትል ቃል እንዳትመለስባት ትፈራለች።

ሜትሩን አዞረችው። ልጅቷ ጣሪያ አላየችም። ሆዷ ሜትሩን ገፋ አድርጎ ይመለሳል፣ ገፋ አድርጎ ይመለሳል፤ እየተነፈሰች ነው። ሜትሯ ቁጥሩን ልታነብ ጎንበስ አለች፤ ዓይኗን እንባ ሞልቶት አልታያት አለ።

«ስንት ነው?» አለች ልጅቷ።

«ቆይ... አልታየኝም።»

ልጅቷ ራሷ ቁልቁል አየችና አነበበችው።

«ስልሳ ስድስት» አለች ድምጿን ሳትቀንስ። ከዚያ ደብተሩን ለእናቷ እያቀበለች፣ «ጻፊው እንጂ፣ እማ» አለቻት።

ሜትሯ «ተመስገን» አለችና ጻፈችው።